ደረጃው የሚችለው ሸክም

ጎንደር፣ ኅዳር 8 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ወልደ ገብርኤል፣

እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዴት ሆነልዎ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የፊተኛው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ተከፍቶ፣ እንደገና በሙጫ ተለጥፎ ነው። ስለዚህ ይኼንን በፖስታ ቤት አልሰደድሁትም። የሚያመጣልዎ ሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የምናውቀው ሰው ስለሆነ መልስዎንም ለእሱ ይስጡት።

«አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» ላሉኝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ስሌቱን መስመር በመስመር ያረሙልኝ የተማሪዎች ማደሪያ ትዝ ይልዎታል? በአዘዞ መንገድ ላይ ያለው፣ ምድር ቤትና በላዩ ሁለት ፎቅ? አንድም ተማሪ ሳይገባበት ጦሩ ወሰደው። ሁለቱ ፎቆች ላይ ከግንባር የመጡ ቁስለኞች ተኝተዋል። ምድር ቤቱን እስረኛ ማጎሪያ አድርገውታል። አሁን ደግሞ ከጣሪያው ላይ የጠዳ መንገድ ወለል ብሎ ስለሚታይ፣ ሁለት ቶን የሚመዝን መድፍ እንስቀልበት፣ ዙሪያውንም ደረት ድረስ የአሸዋ ጆንያ እንደርድርበት ብለዋል። የአካባቢው አዛዥ ሻለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ «ጣሪያው ይችላል» የሚል ወረቀት እንድፈርም ልከውልኛል።

ጣሪያውን ያኔ ወደፊት ሌላ ፎቅ ይጨመርበታል ብዬ እንደ ወለል ነበር ያሰብሁት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ የሚጨመርበትን ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ይሸከማል። ደረት የሚደርስ የአሸዋ ጆንያ ግን በዚያችው ቦታ ላይ ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ ይጠጋል። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ስሌቴን አያይዤዋለሁ። የተሳሳትሁት ነገር እንዳለ ቶሎ ይንገሩኝ፤ የሰጡኝ ጊዜ አንድ ወር ነው።

ስለ ታከለ ለጠየቁኝ፣ ደኅና ነው።

አክባሪዎ እታገኘሁ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1983 ዓ.ም.

ልጄ እታገኘሁ፣

ዓይኔ ሻል ብሎኛል፤ ባንዱ አነባለሁ፣ በሌላው ብርሃን አያለሁ። ስሌትሽን ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። ስለ ጆንያው ያልሽው ትክክል ነው። የተሳሳትሽው መድፉ ላይ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሁለት ቶን አድርገሽ ወስደሽዋል። መድፍ ሲተኩስ ወደ ኋላ ይረግጣል፤ በተኮሰ ቁጥር የጣሪያውን የኮንክሪት ንጣፍ፣ ሶሌታውን፣ በመዶሻ እንደመምታት ቁጠሪው። ቢያንስ በእጥፍ አስቢው።

ሸክም እንደ ውኃ ነው እላችሁ ነበር፤ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ካላበጀሽለት ራሱ ያበጃል። ይህን መድፍ የግድ ካወጡት ሶሌታው እንዳይነካው። ከምሰሶ ምሰሶ የሚደርሱ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች አጋድሚና እነሱ ላይ ይቀመጥ። ጆንያውም መሀል ወለሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋ ተሸካሚ ባለበት መስመር ላይ ብቻ፣ ከጉልበት ሳያልፍ። ከዚህ ውጭ ያለ ወረቀት እንዳትፈርሚ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማዕዘን ምሰሶዎቹ ላይ የተሸካሚዎቹን የታችኛውን የፌሮ ብረት ምሰሶው ጋ ሲደርስ ቆርጠሽዋል ወይስ አሳልፈሽዋል? ፕላኑ ላይ አይታይም።

ደግሞ ታከለ። ባልሽ በየደብዳቤሽ ግርጌ በገዛ እጁ ሁለት ሦስት መስመር ሳይጽፍልኝ ቀርቶ አያውቅም፤ ስለ ተማሪዎቹ ያጫውተኝ ነበር። አሁን «ደኅና ነው» ብቻ ጽፈሽ አልፈሻል። ሌላ ሰው ታታልይ እንደሆነ እንጂ እኔን አትችይም። ምን ሆነ?

መምህርሽ ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ወልደ ገብርኤል፣

ስለዋሸሁዎት ይቅር ይበሉኝ። ታከለን መስከረም 21 ቀን ፊዚክስ እያስተማረ ሳለ ከክፍል ወሰዱት። የወንበዴ ራዲዮ ታዳምጣለህ፣ ወረቀት ትበትናለህ ነው ያሉት። ያልጻፍሁልዎት ወረቀት ላይ ከሰፈረ እውነት የሚሆን ስለመሰለኝ ነው።

የሆነውን ልንገርዎት። እርስዎ እንዳሉት አስተካክዬ፣ ስሌቱን ይዤ ሻለቃው ዘንድ ሄድሁ። የቆየውን ፎርማኔን አያ ዋሴን አስከትዬ ነበር፤ የጭልጋ ሰው ነው፣ ያንን ቤት ከመሠረቱ ጀምሮ ያቆመው እሱ ነው። ሻለቃው ወረቀቱን አላዩትም።

«ሕንፃው የማን ነው?» አሉኝ።

«የመንግሥት ነው፣ ጓድ ሻለቃ።»

«የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይችላል።»

አያ ዋሴ አላስችል አለውና «ጌታዬ፣ ምነው? ልጅቱ እኮ እውነቷን ነው። ይወድቃል» አለ። ሻለቃው ከወንበራቸው ተነሡ፣ ሽጉጣቸውን አወጡና በሰደፉ አፉን መቱት። አያ ዋሴ በጉልበቱ ወደቀ። ደግመው መቱት። ሁለት ጥርሱ ፕላኑ ላይ ወደቀ፤ ደሙ የሁለተኛውን ፎቅ ሥዕል ሸፈነው። እኔ ከመጮኼ በፊት አንዱ ወታደር ከኋላ አንገቴን ይዞ ፊቴን ጠረጴዛው ላይ አጣበቀው። ሻለቃው እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ የባሌን ስም ጠየቁኝ። ያውቁታል፤ ከእኔ አፍ ለመስማት ነው።

«ታከለ» አልሁ።

«የት ነው ያለው?»

«ምርመራ ክፍል።»

«ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አይደለም። አንቺ በሠራሽው ቤት፣ በምድር ቤቱ፣ ልክ ከመድፉ ሥር ነው የሚቀመጠው። አሁን ሂጂና በደንብ አስቢው።»

በማግስቱ እንዳሉት አደረጉት። ከሠላሳ አንድ ሰው ጋር ባንድ ክፍል አስገቡት። ሲያወርዱት ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት፤ ሁለት ሰው ደግፎታል፣ እግሩን መሬት ማስነካት አልቻለም። ውስጥ እግሩን ገርፈውታል።

ለጠየቁኝ ጥያቄ፣ ፌሮውን አልቆረጥሁትም። በሁሉም ምሰሶ ውስጥ አሳልፌ ከማዶኛው ጋር አደራርቤ አስሬዋለሁ። ያኔ የሒሳብ ሹሙ ብረት አባከንሽ ብሎ ከሶኝ ነበር። እርስዎ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ «አንድ ምሰሶ ቢወሰድስ?» ይሉን ስለነበር ነው። አሁን የምጠይቅዎ፦ እውነት አንድ ምሰሶ ቢሄድ ይቆማል? እውነቱን ይንገሩኝ።

እታገኘሁ


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 1983 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይቆማል፤ ግን እስከ መቼ እንደሚቆም ልነግርሽ አልችልም። ምሰሶው ሲሄድ በላዩ ያለው ተሸካሚ ተሰንጥቆ ይጎብጣል፤ ኮንክሪቱ ይረግፋል፣ ያሳለፍሻቸው ብረቶች ግን ከጫፍ ጫፍ እንደ ገመድ ይወጠሩና ወለሉን አንጠልጥለው ይይዙታል። ብረት እንደ ድንጋይ በድንገት አይከዳም። ከመበጠሱ በፊት ይለጠጣል፣ ጊዜ ይሰጣል። እኛ የምናስበውም ቤቱ በጭራሽ እንዳይጎዳ አይደለም፤ ሲጎዳም ሰው እስኪወጣ እንዲታገሥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ ጉብጠቱን ለኪ። በየጊዜው ምልክት አድርጊ። ምልክቱ እየወረደ ከሄደ ሩጪ። ባለበት ከቆመ ቤቱ አዲሱን ሸክም ተቀብሎታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አትፍሪ።

እስከዚያው ግን በምድር ቤቱ ውስጥ ድጋፍ የምታቆሚበትን ዘዴ ፈልጊ። ለመድፉ ነው በያቸው፤ ለእስረኞቹ ነው ካልሽ አይፈቅዱልሽም።

አሁን ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ። «አትፈርሚ» ስልሽ ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። በ1970 የአንድ የእህል መጋዘን ኃላፊ መሐንዲስ ነበርኩ። ከምድሩ ወለል በላይ ሰገነት አለው፤ ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ካድሬ መጥቶ ሰገነቱ ላይ ከተባለው እጥፍ ጆንያ ይጫን አለ። እንደማይችል አውቃለሁ። ያኔ ሰው በየመንገዱ እየተገደለ ነበር፤ ፈራሁ። «ለሳምንት ይይዛል» አልኩት። በአራተኛው ቀን ሰገነቱ ተደረመሰ። ከሥር አሥራ አንድ የቀን ሠራተኞች ምሳ እየበሉ ነበር።

አጥፊ ተፈለገ። ግንበኛው ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ነበር፤ እጁ የተባረከ ሰው፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት። መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ «ሲሚንቶው በሚገባ አልተቦካም» ብዬ መሰከርኩ። በሦስተኛው ቀን ረሸኑት። ሬሳውን ለሚስቱ አልሰጧትም። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት አስተማርኩ፤ «አንድ ምሰሶ ቢወሰድስ?» እያልኩ።

ይህን ካነበብሽ በኋላ ልትጽፊልኝ ባትፈልጊ አልቀየምም።

ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ ጥር 30 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ወልደ ገብርኤል፣

ደብዳቤዎን ሳነበው ተናደድሁ። ቀድጄ ልጥለው ነበር። ከዚያ ሾፌሩ «መልስ አለሽ?» ሲለኝ ባዶ እጁን ልሰደው አልሆነልኝም። ስለ ተክለ ጊዮርጊስ ምን እንደምልዎ አላውቅም። ሚስቱ በሕይወት ካለች ፈልገው ያግኟት። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ያሉትን አድርጌያለሁ። በጣሊያን ጊዜ ከተሠራ ድልድይ የተረፉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በእንፍራንዝ በኩል አገኘንና አምጥተን አጋደምናቸው። መድፉ እነሱ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን ፈረምሁ፤ ግን «ጆንያው ከጉልበት ካላለፈ፣ መድፉም ከብረቶቹ ካልወረደ» የሚል ጽፌበት ነው። ሻለቃው አነበቡና ሳቁ። «አየሽ፣ ባልሽን ከሥር ስናደርግልሽ አንጎልሽ ሠራ» አሉኝ።

ድጋፉንም ለመድፉ ነው ብዬ አስፈቀድሁ። አያ ዋሴ አፉ ገና አልሻረም፤ «እኔ ነኝ የማቆመው» አለ። አሥራ ስምንት ግንድ ባሕር ዛፍ ይዘን ገባን። ያንን ክፍል የምግብ ማከማቻ ብዬ ነበር የሣልሁት። ሠላሳ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። አንዱ ጥግ ላይ የሞተ ሰው ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ አላወጡትም። ጠባቂው «ከእስረኛ ጋር የተነጋገረ እዚሁ ይቀራል» አለን።

ግንዱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። አያ ዋሴ ጠባቂውን «ጌታው፣ አንድ ሰው ይያዝልኝ» አለና መልስ ሳይጠብቅ ታከለን በጣቱ ጠራው። ታከለ እየተንፏቀቀ መጣ። የቀኝ እጁ ጥፍሮች የሉም። ግንዱን በሁለት ክንዱ አቀፈው። አያ ዋሴ ከሥር ሽብልቁን ይመታል፣ እኔ ቱንቢውን ይዣለሁ።

«ወደ ግራ ትንሽ» አልሁት።

«እንዲህ?»

«ትንሽ። አዎ። ያምሃል?»

ጠባቂው ዞረ። ታከለ «አያመኝም፣ ኢንጂነር፤ ቀጥ ብሏል» አለ። ሚስቴ አላለም። አሥራ ስምንቱንም ግንድ እሱ ያዘልን። ባንዱ መሀል ትከሻው ትከሻዬን ነካው፤ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ትኩሳት አለበት። ስንወጣ ዞሬ እንዳላይ አያ ዋሴ ክርኔን ይዞ ጎተተኝ።

የጠዳ ሰዎች እየሸሹ ወደ ከተማ እየገቡ ነው። ሾፌሩ ይህ የመጨረሻ ጉዞዬ ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል።

እታገኘሁ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 19 ቀን 1983 ዓ.ም.

እታገኘሁ ልጄ፣

ሾፌሩ አልመለስም ብሏል። ይህን በፖስታ ቤት ሰደድኩት፤ የጎንደር ፖስታ አንቀበልም ቢሉኝም ለምኜ ነው። የሚከፍተውም ቢኖር ይክፈተው። ጎንደር ውጊያ ገባ ይላሉ። በሕይወት መኖርሽን ብቻ፣ አንድ ቃል።

ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ ሰኔ 9 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ወልደ ገብርኤል፣

በሕይወት አለሁ። የየካቲቱ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት፣ መንገዱ ተከፍቶ ፖስታ መምጣት ሲጀምር ነው። ታከለ ሞቷል። ይህን መጀመሪያ የጻፍሁት መሀል ላይ ሲደርሱ እንዳይደነግጡ ነው።

ውጊያው አዘዞ የደረሰ ዕለት ረፋዱ ላይ እኔና አያ ዋሴ ከሕንፃው ማዶ፣ በቀድሞው የዕቃ ግምጃ ቤታችን ውስጥ ነበርን። መድፉ ከጧት ጀምሮ ይተኩሳል። ብረቶቹ እንደያዙት እያየሁ በየተኩሱ እቆጥር ነበር። ከዚያ ሻለቃው ወደ ምድር ቤቱ መስኮት ሲሄዱ አየን። ለሁለቱ ጠባቂዎች አንድ ነገር ተናግረው በደረጃው ወደ ላይ ወጡ። ምን እንዳሉ ኋላ ከተረፉት አንዱ ነገረኝ፤ «ለወንበዴ የሚተርፍ ሰው እንዳይኖር» ነው ያሉት። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን በመስኮቱ ፍርግርግ አስገብተው ተኮሱ። ጥይታቸው ሲያልቅ ካዝና ቀይረው ተኮሱ። እኔ ወደዚያ ስሮጥ አያ ዋሴ ጥሎኝ በላዬ ተኛ። ሦስት ጊዜ ነከስሁት፤ አልለቀቀኝም።

ያኔ ነው ከማዶው ኮረብታ የተተኮሰው የመድፍ ጥይት የወደቀው። አንዱ የደቡቡን የማዕዘን ምሰሶ ከመሬቱ ጠርጎ ወሰደው። ሁለተኛው ላይኛው ፎቅ ላይ ፈነዳ፤ መድፉም መተኮሱን አቆመ። ጠባቂዎቹ ሸሹ፤ ቁልፉንም ይዘውት ሄዱ። አቧራው ሲገልጥልን አያ ዋሴ ከላዬ ተነሥቶ «ልጄ! ምሰሶው ሄዶ ቤቱ ቆሟል!» ብሎ ጮኸ።

ቆሟል፣ ጋሼ። ማዕዘኑ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ጎብጧል፣ ኮንክሪቱ ረግፎ ብረቶቹ ወጥተዋል፤ ግን ይዘውታል። ሲወጠሩ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ያሉኝን አደረግሁ፤ ግድግዳው ላይ ክር ወጥሬ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ የምድር ቤቱን የጓሮ ግድግዳ ለአያ ዋሴ አሳየሁት። ብሎኬት ብቻ ነው፣ ከራሱ በቀር የሚሸከመው የለም፤ ቢፈርስ ቤቱን አይነካውም። በመዶሻ አፈረሰው። አሥራ ሰባት ሰው በሕይወት ወጣ። አሥራ አራቱ አልወጡም። ታከለ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ገልብጬ አየሁት፤ ደረቱ ላይ ሦስት ቦታ ተመትቷል። ሰውነቱ ገና ሙቅ ነበር፤ ትኩሳቱ ይሁን አላውቅም። ነጠላዬን አለበስሁት።

ለማልቀስ ጊዜ አላገኘሁም። ወለተሩፋኤል የምትባል አስታማሚ ከላይ ሆና «ስድሳ ሁለት ሰው አለ! በደረጃው መውረድ ይቻላል?» ብላ ትጣራለች። ምልክቱን አየሁት፤ ሁለት ጣት ወርዶ ነበር። አራት አራት እየሆኑ እንዲወርዱ አደረግሁ፤ በየመሀሉ እለካለሁ። የሰፈሩ ሰው መጥቶ በቃሬዛ ተቀበላቸው። ሃያ ያህል ከወረደ በኋላ ምልክቱ ባለበት ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ፀጉር አልወረደም። ስድሳ ሁለቱም ወረዱ፤ ወለተሩፋኤልም በመጨረሻ ወረደች።

ከሻለቃው ወታደሮች ሁለቱ ሳይሸሹ ታች ቀርተው ነበር። አንዱ መጥቶ «ኢንጂነር፣ ሻለቃው ላይ ቀርተዋል። ጭናቸውን ተመተዋል፣ መራመድ አይችሉም። ወጥተን እናውርዳቸው?» አለኝ።

ክሩን አየሁት። ምልክቱ ባለበት ነው።

«ደረጃው ከእንግዲህ ሰው አይችልም» አልሁት። «የወጣበትን ሰው ይዞ ይወድቃል።»

አመኑኝ። ምነው አይመኑኝ? ከጧት ጀምሮ ያልሁት ሁሉ ልክ ነበር። አያ ዋሴ አጠገቤ ነው። እሱም ምልክቱን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

ሻለቃው ይጣሩ ነበር። መጀመሪያ በትእዛዝ፣ ኋላ «ኢንጂነር! ኢንጂነር!» እያሉ፣ በመጨረሻ የእናታቸውን ስም። እኔ ከታከለ ራስ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፃቸው ጠፋ። በማግስቱ ከተማውን የያዙት ስምንት ሰው ሆነው ወጥተው ሬሳውን አወረዱት። በዚያው ደረጃ። ደረጃው አልተነቃነቀም።

ያን ዕለት አያ ዋሴ «ልጄ፣ እኔ ምንም አላየሁም፤ አንቺም ቤቱን አድነሻል፣ ሸጋ አድርገሻል» አለኝ። ሁሉም እንዲህ ይላል። ስድሳ ሁለት ሰው አዳነች ይሉኛል፤ በመንገድ ሳልፍ ይነሡልኛል። ሰውየው ስለሞተ አላዘንሁም፤ ይህንንም አልዋሽዎትም። ግን የተናገርሁት ቃል ሐሰት ነበር፤ ሰውም በዚያ ሞተ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ሕንፃው ይጠገን እንደሆነ እንድመረምር አዘዙኝ። አራት ቀን ለካሁ። ስለ ምሰሶው፣ ስለ ተሸካሚዎቹ፣ ስለ ሶሌታው ጻፍሁ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልሁ፦ «ደረጃው ጉዳት የለበትም። ምሰሶው በተመታበት ቀንም አርባ ሰው መሸከም ይችል ነበር። በዚያ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ‹አይችልም› ብዬ የተናገርሁት እያወቅሁ ነው። በዚህም ሻለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ሳይወርድ ሞቷል።»

ወረቀቱን የተቀበለኝ ወጣት ታጋይ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼ ለጥገናው ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ስለ ደረጃው ነው።»

«የደርግ ገዳይ ነው እኮ። ማን ጠየቀሽ? የመጨረሻዋን ሰርዣትና ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን አቀበለኝ። አልሰረዝሁም። ከሥሯ ስሜን ጽፌ ፈረምሁና ወጣሁ።

እታገኘሁ